ከዝናብ በኋላ በጓሯችን የሚታዩ ትናንሽ ፍጥረታት
(ለሠፈራችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ልጆቻችን ዝናብ ባባራ ቁጥር የጓሮ ነፍሳትን በስልክ ሲያነሱ ሥራ መፍታት የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኛ ግን ለሆሳዕና ሰው ይጠቅማል እንላለን፤ የምንኖረው በእንሰት ነውና።

የእንሰትን ሥር የሚመጠው፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ነጭ ተባይ ከአፈር በታች ስለሚቀመጥ ተክሉ እስኪቀጭጭ ድረስ አይታወቅም። ከግርጌው ጉንዳን ከበዛ መጠርጠር ነው፤ ጉንዳኑ የተባዩን ጣፋጭ ፈሳሽ ይልሳል። በይበልጥ የሚዛመተው ግን በችግኝ ነው። ስለዚህ ችግኙ ከዱራሜም ይምጣ ከዚሁ ከገበያችን፣ ሳይተከል በፊት ሥሩ በደንብ ይታይ፣ ፎቶም ይነሣ።

አነሳሱ ከባድ አይደለም። ጧት ጧት ነፍሳቱን ብርድ ስለሚይዛቸው አይሮጡም፤ ቀንድ አውጣውም ከተሸሸገበት ይወጣል። የካሜራውን መስተዋት በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ መንበርከክ (ጭቃውን አትፍሩ፣ የሚያጥብ ዝናብ አላጣንም)፣ ክርንን ጉልበት ላይ ማስደገፍ ነው። ብዙው ስልክ ከግማሽ ስንዝር በታች ከቀረበ ያደበዝዛል፤ ራቅ ብሎ አንስቶ ኋላ ማጉላት ይሻላል።

ሥሩ ላይ ነጭ ነገር ያየ ሰው ፎቶውን ለግብርና ባለሙያ ያሳይ፤ እስከዚያው ችግኙን ለጎረቤት አይስጥ።