ስኳር በሽታና ዓይናችን



ውድ አድማጮቻችን፣ ከየጥኖራ እስከ ቢቸናና ሞጣ ባሉ ቤቶቻችን የዓይን በሽታ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ትራኮማና ሞራ ነው። ትራኮማ ይቆረቁራል፣ ያስለቅሳል፤ ስለዚህ ሐኪም ፍለጋ እንወጣለን። በሞራ የተጋረደ ዓይንም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ብዙ ጊዜ መልሶ ያያል። የስኳር በሽታ ጉዳት ግን ከሁለቱም ይለያል።

በደም ውስጥ የበዛ ስኳር በዓይን ውስጠኛ ጀርባ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ይጎዳል። ሥሮቹ ያፈሳሉ፣ ይደፈናሉም። ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይን አያምም፣ አይቀላም። አባወራው ማታ ማታ ቁርኣኑን እየቀራ «ዓይኔ ደኅና ነው» ይላል። ፊደሉ ሲደበዝዝበትም «እርጅና ነው» ብሎ ይቆያል። በዚህ መንገድ የጠፋ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በጉልምስና ስኳር የተገኘበት ሰው ዓይኑን መታየት ያለበት በሽታው እንደታወቀ ነው፤ ከዚያም ሐኪሙ ሌላ ቀጠሮ ካልሰጠው በየዓመቱ። ምርመራው ብሌንን በጠብታ አስፍቶ የሚደረግ ነው፤ መነጽር ለመግዛት ፊደል መቁጠር አይተካውም። ጉዳቱ በጊዜ ከተደረሰበት በጨረርና በመርፌ ሊገታ ይችላል። ስለዚህ ክትትል በምናደርግበት ሆስፒታል «ዓይኔስ?» ብለን እንጠይቅ። በዚያ የዓይን ሐኪም ከሌለ ሪፈር እናጽፍ።

ስኳርን መቆጣጠርም በቀጠሮ ዋዜማ ሁለት ቀን ከጣፋጭ መታቀብ አይደለም። ጣት ተወግቶ የሚለካው የዚያችን ሰዓት ብቻ ሲናገር፣ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳይ ሌላ የደም ምርመራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ኢንሱሊን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ጥብቅ ቁጥጥር የዓይን ጉዳት የመጀመር ዕድልን በ76 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። የአገራችን ማር መድኃኒት ቢሆንም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ እንጀራውም በልክ ይሁን። የደም ግፊትም አብሮ ይለካ።

ረመዳን ሳይገባም ሐኪም እናማክር። አላህ ለሕመምተኛ ፈቃድ ሰጥቷልና መድኃኒት በራሳችን አናቋርጥ።

ልጆች ሆይ! እናት አባታችሁ «አላመመኝም» ቢሏችሁ እጃቸውን ይዛችሁ ውሰዷቸው። ዛሬ እናንተ ካልመራችኋቸው፣ ነገ በምርኩዝ መመራት ሊመጣ ይችላል።

አላህ ብርሃናችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዓለይኩም!