ሹራቡን ማን ይምረጥ? ልጆች፣ ብርድና የወላጅ ሥልጣን



የሕፃናትን መብት የማስተምር ሰው ብሆንም የዛሬውን ገለጻዬን በራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። ደብረ ብርሃን ስንኖር፣ ልጄ ሰባት ዓመት ሳይሞላው፣ በታኅሣሥ ወር አንድ ማለዳ ሹራብ አልለብስም አለኝ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዚያ ወር ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። "ብርድ ይመታሃል!" ብዬ እያለቀሰ በግድ አለበስሁት። ማታ ስጠይቀው "ለብሼው ዋልሁ" ሲል መለሰልኝ፤ ሹራቡን ግን ከደብተር ቦርሳው ሥር ተጠቅልሎ አገኘሁት። ልጄ ከእኔ የተማረው ከብርድ መጠንቀቅን ሳይሆን ከአባቱ መደበቅን ነበር።

የወላጅ ሥጋት መሠረተ ቢስ አይደለም። የሕፃን የቆዳ ስፋት ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ከአዋቂው ስለሚበልጥ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ይሁን እንጂ ጉንፋን የሚያስይዘው ቫይረስ ነው፤ ሹራብ አለመልበስ ብቻውን አያስይዝም። ደግሞም እየሮጠ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅና ደጃፍ ቆሞ የሚሸኘው አባት እኩል አይበርዳቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውና ኢትዮጵያ በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12፣ የራሱን አስተያየት ለመመሥረት የሚችል ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንደሚሰጠው ይደነግጋል። ድንጋጌው የመጨረሻውን ውሳኔ ለሕፃኑ አይሰጥም፤ ሳይሰማ እንዳይወሰንበት ግን ይጠብቀዋል። ይህን አንቀጽ ዘወትር የምንጠቅሰው ፍርድ ቤት ስለሚቀርቡ ክርክሮች ስንናገር ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ከገላው ላይ ከሚያርፈው ልብስ የበለጠ የሚመለከተው ምን ጉዳይ አለ?

እኔ የምከተለው መለኪያ ይህ ነው፤ ልጁ ስሕተቱን በራሱ ሊያርመው የሚችል ከሆነ ምርጫው የእርሱ ይሁን። ሹራቡ ቦርሳው ውስጥ ካለ፣ ሲበርደው አውጥቶ ይለብሰዋል። መብረዱን መናገር የማይችል ጨቅላ፣ ወይም ዝናብ አርሶት ረጅም መንገድ የሚጠብቀው ልጅ ግን ስሕተቱን የሚያርምበት መንገድ የለውም፤ በዚያ ጊዜ ኃላፊነቱ የእኛ ነው። ከዚያ በኋላ ልጄን "ትለብሰዋለህ ወይስ ትይዘዋለህ?" ብዬ እጠይቀው ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ይዞት ይወጣ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን በሩን ከፍቶ፣ ብርዱን በእጁ ሞክሮ፣ ራሱ ይወስን ጀመር።

በመጨረሻ ለተማሪዎቼ አንድ አደራ አለኝ። ምርጫ የሚኖረው የሚመረጥ ነገር ሲኖር ነው። ለመስክ ጥናት ስትወጡ በውርጭ ማለዳ በስስ ልብስ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ብታገኙ፣ መብቱን ተጠቀመ ብላችሁ እንዳትጽፉ። በመጀመሪያ ቤቱ ሹራብ እንዳለው ጠይቁት።