በማሕፀን ያለ ልጅም ይታከማል

 

የዛሬው ወሬያችን ስለ ሾተላይ ነው። ልጅ ሲጨነግፍባት፣ ሌላውም ሞቶ ሲወለድባት ሴቲቱን «ሾተላይ አለባት» እንላለን። ትቷት የሚሄድም ባል አለ። ይህ ግፍ ነው። ነገሩ ያለው በደም ውስጥ ነው፤ የባልም ደም አለበት እኮ!

እንዴት? የሰው ደም በዓይነት ይለያያል። እናት «ኔጋቲቭ»፣ አባት «ፖዘቲቭ» ሲሆኑ ልጁ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። ሲወለድ ጥቂት የልጁ ደም ከእናቱ ደም ይቀላቀላል። ሰውነቷ ይህን እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያበጃል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ አይነካም። የሚጎዳው ተከታዩ ነው። መከላከያው በእንግዴ ልጁ አልፎ የሕፃኑን ደም ያፈርሳል። ሕፃኑ ደም ያንሰዋል፤ ያብጣል፤ ሊሞትም ይችላል።

ታዲያ መርፌ አለው። «አንቲ ዲ» ይባላል። በእርግዝናው 28ኛ ሳምንት ገደማ፣ ደግሞም ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ጽንስ ለወረደባትም እንዲሁ። 72 ሰዓት ሦስት ቀን ነው። ከደሎ መና ጎባ ለመድረስ የሐረና ደን አለ፤ የሳነቴ ብርድ አለ። ስለዚህ የደሟ ዓይነት አስቀድሞ ይታወቅ።

ሕፃኑ በሆድ ሳለ ከታመመስ? በ1963 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ ዶክተር ሊሌይ የተባለ ሐኪም በእናቲቱ ሆድ በኩል መርፌ አስገብቶ ለጽንሱ ደም ሰጠው። ልጁ በሕይወት ተወለደ። ዛሬ ሐኪሞች ይህን የሚሠሩት ሕፃኑን በአልትራሳውንድ እያዩ ነው። በአዲስ አበባም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተሠርቷል።

ጽንስ የሞተባት ሁሉ ግን ሾተላይ የለባትም። ወባም አለ፤ ቂጥኝም አለ። ቂጥኝ በጣት ደም ይመረመራል። ከተገኘ እናቲቱ ፔኒሲሊን ትወጋለች፤ መድኃኒቱ አልፎ ሕፃኑንም ያክመዋል። ለእሷ የተወጋው ለሁለት ሆነ ማለት ነው! ባልየውም ይወጋ። እሱ ካልታከመ መልሶ ያስይዛታል።

እርጉዝ የሆነች ሁሉ ሆዷ እስኪገፋ ሳትጠብቅ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ደሟ ሲመረመር ውጤቱ በካርዷ ላይ ይጻፋል። ካርዱን ራሳችሁ አንብቡት። ከደሙ ዓይነት ጎን አንዲት አግድም ሰረዝ ብቻ ካለች «ኔጋቲቭ» ማለት ነው። ያን ጊዜ አዋላጇን ስለ መርፌው ጠይቋት።