እርሳስ፣ ብረትና ካልሲየም፤ የሰውነታችን ገቢና ወጪ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ የሂሳብ ሠራተኛ እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ገቢና ወጪ ግን በሰውነታችንም ስላለ ዛሬ ስለ እርሳስ ላውራችሁ። ልጆቻችን የሚጽፉበትን ማለቴ አይደለም። በመኪና ባትሪ፣ በአንዳንድ የዘይት ቀለምና በአንዳንድ ኩል ውስጥ ያለውን መርዛማ ማዕድን ነው።

ሰውነታችን ለእርሳስ የተለየ በር የለውም። ብረትና ካልሲየም በሚገቡበት ይገባል። እነዚህ ሁለቱ ከምግባችን ሲጎድሉ አንጀታችን በሩን ይበልጥ ይከፍትና እርሳሱንም ያስገባል። ሕፃን ደግሞ ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይሆናል።

የገባው እርሳስ አብዛኛው አጥንት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። ሴት ስታረግዝና ስታጠባ ካልሲየም ከአጥንቷ ወጪ ይሆናል፤ እርሳሱም አብሮ ወጥቶ ለልጇ ይደርሳል። የእናት ዕዳ ለልጅ ተላለፈ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በዴሲሊትር ደማቸው 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ ለተገኘባቸውና ካልሲየም ለሚያንሳቸው ነፍሰ ጡሮች ተጨማሪ ካልሲየም እንዲሰጥ ይመክራል።

እኛስ ምን እናድርግ? ጤፍ ብረትም ካልሲየምም አለው። ምስርና ጎመን አሉን፤ የግመል ወተትም ከተማችን አያጣም። ወጡ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ብረቱ በደንብ እንዲገባ ይረዳል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ስለሚይዙት ከምግብ በኋላ ቆየት ብለን እንጠጣ። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠንን የብረት እንክብል አናቋርጥ። ልጆችም በባዶ ሆድ አይዋሉ፤ ባዶ ሆድ እርሳስን ይበልጥ ያስገባል።

ምግብ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ገቢውንም መዝጋት አለብን። አሮጌ ባትሪ ግቢ ውስጥ አይሰበር። የሚላጥ ቀለም በደረቁ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429/2010 በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግድግዳ ግን ዛሬም አለ።

በመጨረሻ፣ ኩል የምትሸጡ እህቶች በመካከላችን አላችሁ። እንጀራችሁን መንካቴ አይደለም። ከምን እንደተሠራ የማታውቁትን ኩል አትያዙ፤ ለአራስ ልጅ ዓይንና ለነፍሰ ጡር ከሆነ ግን ጭራሽ አትሽጡ። የሚቀርባችሁን ገቢ በሌላ ዕቃ እንዴት እንደምንተካው አብረን እናስላ፤ ደብተሩን እኔ እይዛለሁ።