የቡሄን ጨዋታ በኮምፒዩተር ስንቆርጥና ስንቀጥል
(ለመንደራችን ነዋሪዎች ከቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲሆን ልጆቻችን ዱላቸውን ይዘው ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፤ ከእንጦጦ ሥር ያለው ሰፈርም በጅራፍ ድምፅ ይናወጣል። ይህን ጨዋታ በድምፅ ቀርፀን ለማስቀመጥ አስበናል። መቅረፁስ ቀላል ነው፤ ስልክም ይቀርፃል። ጭንቁ ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒዩተር ላይ ሲቀናበር የማን ድምፅ ይቆረጣል? የማንስ ይቀራል?

በማቀናበሪያ ሶፍትዌር ላይ ድምፅ የሚቀመጥበት መስመር «ትራክ» ይባላል። አንዱ መስመር ለአውራጁ፣ ሌላው ለተቀባዮቹ፣ ሦስተኛው ለዱላው ምት ሲሆን ሁሉም ባንድ ጊዜ ይሰማሉ። በመስመሩ ላይ የሚደረደረው ቁራጭ ድምፅ ደግሞ «ክሊፕ» ይባላል። ድምፅን መደራረብ አዲስ ነገር አይደለም። የዋሊያስ ባንድ አባል የነበሩት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻቸውን ተጫውተው፣ የሪትም ማሽን ጨምረው፣ አንዱን ባንዱ ላይ እየደረቡ ሙሉ ካሴት ሠርተዋል።

ስለሆነም ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፦ ዜማውን ለማሽን አናስገዛው። ሶፍትዌሩ ብዙ ጊዜ ሲከፈት በደቂቃ 120 ምት፣ በአራት አራት ተከፍሎ ይጠብቀናል፤ ክሊፑንም በራሱ መስመር ላይ ልክክ ያደርጋል። የልጆች ዱላ ግን እንዲህ አይደለም፤ ሙልሙሉ ሲቀርብ ይፈጥናል እኮ! መጀመሪያ የዱላው ትራክ ይቀመጥ፤ ሌላው እሱን ይከተል።

ሁለተኛ፦ አንዱን «ሆ» ቀድተን ሃያ ጊዜ አንለጥፍ። ሥራ ያቃልላል፤ ነገር ግን ዘግይቶ የሚገባው ትንሹ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ድምፁ የሚሻክረው ልጅ፣ ሁሉም ይጠፋሉ። ተቀባዮቹ አውራጁ ሳይጨርስ ስለሚገቡ ሁለቱ የሚደራረቡበትን ቦታ አንቁረጠው። ደግሞም ማይክሮፎኖቹ አንዱ የሌላውን ድምፅ ስለሚሰሙ ሦስቱም ትራክ አብረው ይቆረጡ፤ አንዱ ብቻ ከተገፋ ድምፁ ድርብ ይሆናል። በመቁረጫው ጫፍ ላይ ድምፁን ቀስ አድርጎ ማውረድና ማንሳት ነው፤ አለዚያ ቀጭ ይላል።

ሦስተኛ፦ ዋናው ቅጂ ይጠበቅ። በቴፕ ዘመን ክሩ በምላጭ ተቆርጦ ይጣበቅ ነበር፤ የተበላሸው ተበላሸ ነው። ሶፍትዌር ላይ ግን የተቆረጠው ክሊፕ አብዛኛውን ጊዜ ይደበቃል እንጂ ዋናው ፋይል አይነካም። ይህም የሚጠቅመን ፋይሉ ካልጠፋ ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ።

ወላጅ ያልፈቀደለት ልጅ አይቀረፅም፤ ይህ የማይታለፍ ነው።

ወገኖች፣ ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። ሰፈር ይፈርሳል፤ አብሮ ያደገ ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ይበተናል። የዛሬው አውራጅም ጥቂት ዓመት ሲቆይ ድምፁ ይጎረንናል። አንድ ቀን ይህን ቅጂ የሚሰማ እናት የልጇን ድምፅ ከመካከል ለይታ «ይኸውና!» እንድትል ነው ድካማችን። አንድ «ሆ» ብቻ ደጋግመን ከለጠፍን ግን ምን ልትለይ ነው?

ኮምፒዩተር የምትችሉ ወጣቶች፣ ማይክሮፎን ያላችሁም ከቡሄ በፊት ብቅ በሉ።