በዓይን የማይታይ ጉዳትና የእርዳታ ምዝገባ



በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የዋግ ገበሬ እህል ፍለጋ እስከ ኮረም በእግሩ ተጓዘ። መራመድ የተሳነው ግን ከመዝገብ ውጭ ቀረ። የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ለእንዲህ ያለው ወገን ቦታ ሰጠ፤ ጉልበት ያለው በማኅበረሰብ ሥራ ተሰማርቶ፣ መሥራት የማይችለውና ጧሪ የሌለው ደግሞ ያለ ሥራ በቀጥታ እንዲረዳ ተደነገገ።

ስሕተቱ የሚመጣው ከልየታው ላይ ነው። እጁን ወይም እግሩን ያጣ ሰው በግልጽ ይታያል። በትራኮማ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን የሚወጋው፣ ፀሐይና አቧራ የማይችለው ግን በእግሩ ስለቆመ ብቻ ጤነኛ ተብሎ ለእርከን ሥራ ድንጋይ እንዲሸከም ሊመደብ ይችላል።

የማይገባው ቢመዘገብ ጎረቤት አይቶ ይናገራል። የሚገባው ቢቀር ግን ከሰቆጣ ተራሮች ገደሉን ወርዶና ወጥቶ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ዘንድ መድረስ ስለማይችል ዝም ይላል። ስለዚህ ቅሬታ አለመቅረቡ ልየታው ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

መዝጋቢው ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፤ ሰውየው ምን መሥራት ይችላል? ለምን ያህል ሰዓት? ከቤቱስ ማን ያግዘዋል? ሕመሙ በቀዶ ሕክምና የሚረዳ ከሆነም ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት መዝጋቢው እስከ ችግረኛው ደጅ መሄድ ይኖርበታል።