ባትሪው የሞተ ትራፓኖ
(በአየር ጤና ለጉባኤውና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



ልጆቹ አሮጌ ትራፓኖ ሲፈቱ ያያችሁ ብዙዎቻችሁ፣ «በዚህ የሮቦት ውድድር ይገባል ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ይገባል። በአሜሪካ ፈርስት የተባለው የተማሪዎች ውድድር እ.ኤ.አ. በ1992 ተጀመረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለቡድኖቹ ከሚታደለው ዕቃ መካከል የቦሽ ትራፓኖ ሞተርና ካምቢዮ ይገኝ ነበር። እኛ ግን ወደዚህ የሄድነው በችግር ነው። ለሮቦት የተሠራ ካምቢዮ ከውጭ በዶላር ይመጣል፤ እርሱን ብንጠብቅ ልጆቻችን ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።

ከምናለሽ ተራ የምንገዛው ባለ ባትሪ ትራፓኖ አብዛኛውን ጊዜ የሞተው ባትሪው እንጂ ማርሹ አይደለም። በውስጡ አንዲት ትንሽ ማርሽ መካከል ላይ ትዞራለች፤ ሌሎች ማርሾች ይዞሯታል፤ ሁሉንም ጥርስ ያለው ቀለበት ይከባቸዋል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደራርቦ በደቂቃ ከ15,000 ጊዜ በላይ የሚዞረውን ሞተር ወደ 400 ገደማ ያወርደዋል። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ብናስርበት በሰከንድ 2 ሜትር ያህል ይሄዳል። ለጀማሪ ልጆች ይበቃል፤ እንዲያውም ይበዛል።

እንግዲህ ዋናው ሥራ ፍሪሲዮኑ ነው። አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ክፍል፣ ጭነት ሲበዛ «ጠጠጠ» እያለ እንዲያመልጥ የተሠራ ነው። ቪቴ ለሚያጠብቅ አናጢ መልካም ነው፤ ሮቦት ግን ሲገፋ ጎማው ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ሞላውን አውጥተን፣ ቀለበቱን የሚይዙትን የብረት ኳሶች በብሎን አጥብቀን እንቆልፋለን። ከዚያ በኋላ የሚያመልጥ ነገር ስለሌለ ሞተሩ እንዳይቃጠል ፊውዝ ግዴታ ነው።

ፑንታውን የሚነክሰው አፍ ውስጥ ያለችው ቪቴ የምትፈታው ወደ ቀኝ ነው። ሮቦቱ ወደ ኋላ ሲሄድ አፉ እንዳይፈታ የምትይዘው እርስዋ ናትና አትጣሏት። ደግሞም ዘንጉ ወደ ፊት ለመግፋት እንጂ ከጎን ክብደት ለመሸከም አልተሠራም። የጎማውን ውጫዊ ጫፍ በላሜራ ላይ በታሰረ ኩሽኔታ ደግፉት።

ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ሊነድ ስለሚችል በልጆች እጅ አይግባ። ትራፓኖውን ግን፣ በቤታችሁ ተጥሎ እንደ ሆነ፣ አምጡልን። አንድ ዓይነት ሁለት ቢሆን ይሻላል፤ የቀኙና የግራው ካምቢዮ ካልተመሳሰለ ሮቦቱ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።